ቡታጅራ መስመር፡ እርሻ ላይ አድራችሁ ዙሪያውን ምን ታያላችሁ

ለገናና ለጥምቀት ከሜሪላንድ ልጆቹን ይዘን ስንገባ አዲስ አበባ ብቻ ከርመን መመለስ አልፈለግንም፣ ስለዚህ ከቡታጅራ ወጣ ብሎ አንድ ቤተሰብ እርሻው ላይ ሰርቶ የሚያከራያቸው የሳር ጎጆዎች ጋ ሄደን አረፍን። ከውጪ የሚመጣ ሰው ሁሌ የሚያነሳው ላሊበላና ጎንደርን ነው፣ ይሄ መስመር ግን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ሆኖ ሳለ ለሰው ስነግረው እዛ ደግሞ ምን አለ ነው የሚሉኝ። በጣም ብዙ ነገር አለ፣ በተለይ ልጅ ላለው ሰው።

መጀመሪያ ስለ መኪና። ሹፌር ያለው ኮንትራት መኪና ያዙ፣ ራሴ እነዳለሁ አትበሉ፣ መንገዱ አስፋልት ቢሆንም ጋሪው ከብቱ አይሱዙው ተማሪው ሁሉ አንድ ላይ ነው የሚሄድበት፣ ከመሸ ደግሞ ይብሳል። የኛ ሹፌር መስመሩን አብጠርጥሮ ያውቀዋል፣ ጠዋት ከመነሳታችን በፊት ወደፊት ያሉ ሰዎች ጋ ደውሎ መንገዱ ሰላም መሆኑን ያጣራ ነበር። ይሄን የማያደርግ ሹፌር አትያዙ። ዋጋ ስትነጋገሩም የነዳጁ፣ የሹፌሩ አልጋና ምግብ በማን እንደሆነ ቀድማችሁ ለዩ።

ስንሄድ የቆምነው መልካ ቁንጡሬ ነው፣ አዋሽ ወንዝ ዳር ያለው የጥንት ሰዎች መሳሪያና ዱካ የተገኘበት የቁፋሮ ቦታ። እ.ኤ.አ. በ1963 አንድ የሆላንድ የውሃ ባለሙያ ነው ቦታውን መጀመሪያ ያስተዋለው፣ በ2024 ደግሞ በአቅራቢያው ካለው ባልጭት ከሚባለው ቦታ ጋር ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ አድርጎ መዘገበው። ሙዚየሙ ትንንሽ ጎጆዎች ነው፣ ከውጪ ስታዩት ምንም ላይመስላችሁ ይችላል ግን አስጎብኚ ይዛችሁ ግቡ። ልጆቼ የድንጋይ መሳሪያዎቹን ዝም ብለው እያዩ ሲያልፉ ነበር፣ አስጎብኚው የዛሬ 700,000 ዓመት ገደማ የነበሩ ህጻናት ጭቃ ላይ የተዉት የእግር ዱካ እዚሁ ተገኝቷል ሲላቸው ግን ባንዴ ተቀየሩ፣ ትንሿ ጫማዋን አውልቃ የኔን ያክላል ወይ ብላ ጠየቀችው፣ እሱም ተቀምጦ የምሩን መለሰላት፣ ከአንቺም ያነሱ ናቸው ብሎ። እንደዚህ አይነት ሰው ላይ ጉርሻ አትቆጥቡ።

ጢያ የሚቀጥለው ነው። 36 ትክል ድንጋዮች፣ 32ቱ የተቀረጹ፣ ብዙዎቹ ላይ ጎራዴ አለ። እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ የዓለም ቅርስ ነው። የጎራዴው ብዛት እዛ የተቀበሩት ሰዎች የገደሉት ሰው ቁጥር ነው የሚባለውን ትሰማላችሁ፣ የኛ አስጎብኚ ግን የምልክቶቹ ትርጉም ገና እንዳልተፈታና ከስር የተቀበሩት ሰዎች ወጣቶች፣ እጥፍጥፍ ብለው የተቀበሩ መሆናቸውን ለይቶ ነገረን፣ አፈ ታሪኩንና በቁፋሮ የተገኘውን ሳይደባልቅ ማለት ነው፣ ይሄን በጣም አከበርኩለት። ጥላ ስለሌለ ጠዋት ሂዱ።

አሁን ወደ ማረፊያው። ጎጆው ንጹህ ነው፣ ሻወሩ በሶላር ስለሚሞቅ ከሰዓት ታጠቡ፣ መብራት ይሄዳል ይመጣል ፓወር ባንክ ያዙ፣ ዋይፋይ የለም የቴሌ ዳታ ግን ይሰራል። ማታ ይበርዳል፣ ጋቢ ይሰጧችኋል። የቤቱ እመቤት (ልጆቹ እማማ ነው የሚሏቸው) ገና ሳንደርስ ደውለው ረቡዕና አርብ ትፆማላችሁ ወይ ብለው ጠየቁን፣ ረቡዕ ዕለት ጎመንና ሽሮ በቆጮ፣ በማግስቱ የቡላ ገንፎ በቅቤ ሆነ። እኔ እንደዚህ ተጠይቄ የተስተናገድኩበት ሆቴል የለም።

ግን እውነቱን ለመናገር ከሁሉም የበለጠብን እርሻው ራሱ ነው። እንሰት ሲፋቅ ደረስን። ሴቶቹ ጣውላ አስደግፈው በቀርከሃ መፋቂያ እየፋቁ ቃጫው በአንድ በኩል ይቀራል፣ የተፋቀው ተጨምቆ ውሃው ሲጠል ከስር የሚቀረው ነጩ ቡላ ይሆናል፣ ቆጮው ደግሞ በእንሰት ቅጠል በተሸፈነ ጉድጓድ ውስጥ ተቀብሮ ይብላላል። ተክሉ ራሱ ለምግብ እስኪደርስ ዓመታት ነው የሚፈጀው። ትልቁ ልጄ ሞከረ፣ ትንሽ ፍቆ ክንዱ ዛለ፣ እነሱ ከጠዋት ጀምረው እየተጨዋወቱ ነው የሚሰሩት። ሜሪላንድ ከፍሪጅ እያወጣን የምንበላው ቆጮ የስንት ሴት ጉልበት እንዳለበት ልጆቼ በዓይናቸው ማየታቸው ለኔ ከማንኛውም ሙዚየም ይበልጣል። ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ግን አስፈቅዱ፣ ስራቸውንም ካስቆማችሁ ለጊዜያቸው ክፈሉ።

አመሻሽ ላይ ጀፎረ ላይ በእግር ሂዱ። ጉራጌ መንደር ውስጥ በቤቶቹ ፊት ለፊት የሚያልፈው ያ ሰፊ ሳር መንገድ ማለት ነው፣ ሰርጉም ለቅሶውም ደመራውም እዛ ነው። የማንም የግል አይደለም፣ ማንም አጥሩን ወደሱ አይገፋም፣ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ ከብት ይገባል ሽማግሌ ቆሞ ሰላም ይላችኋል፣ እናንተም ዝቅ ብላችሁ ሰላም በሉ።

ሐረ ሸይጣን የሚባለው የእሳተ ገሞራ ሐይቅ ከቡታጅራ ሩቅ አይደለም፣ ከላይ ስታዩት ውሃው አረንጓዴ ነው። ድንጋይ ቢወረወር ውሃው ጋ አይደርስም ይባላል፣ ልጆቹ ሲወረውሩ ዋሉ። አፋፉ ቁልቁል ስለሆነ ትንንሾቹን እጃቸውን ያዙ። አንድ ቦታ ላይ (የት እንደሆነ ይቅር) ከፈለን ከገባን በኋላ ሌላ ወጣት መጥቶ እንደገና ክፈሉ አለን፣ ደረሰኝ ስላልነበረን ከረር ያለ ጭቅጭቅ ሆነ። የትም ብትከፍሉ ደረሰኝ ተቀበሉ። ብዙ ቦታ ቴሌብር ይቀበላሉ፣ ዝርዝር ብርም ግን ያዙ።

ክትፎውን ቡታጅራ ከተማ ውስጥ ብሉ፣ ለብ ለብ፣ አይቤና ጎመን ያለበት፣ ከትኩስ ቆጮ ጋር። ከዛ በኋላ አዲስ አበባ የበላሁት አልጣመኝም።

በርበሬ መግዛት የምትፈልጉ ደግሞ ማረቆ ቅርብ ነው፣ በጥር ቀዩ ዛላ በየደጁ ተሰጥቶ ታያላችሁ። ዛላውን ገዝታችሁ አዲስ አበባ ላሉ ዘመዶች ስጡና ቀንጥሰው በቅመም ያስፈጩላችሁ። አሜሪካ ስትገቡ ምግብ ይዣለሁ ብላችሁ አስመዝግቡ፣ የደበቀ ነው የሚቸገረው።

ስንመለስ አዳዲ ማርያምን ሳምን። ከአንድ ወጥ አለት የተፈለፈለች ናት፣ በቅዱስ ላሊበላ ዘመን እንደተሰራች ይተረካል፣ ዛሬም ይቀደስባታል። መግቢያው ኮረኮንች ስለሆነ ከፍ ያለ መኪና ይሻላል፣ ነጠላ ያዙ፣ ቅዳሴ ካለቀ በኋላ ድረሱ። ውስጡ ጨለም ያለ ነው፣ የስልካችሁን መብራት ቄሱን ሳታስፈቅዱ አታብሩ።

ይሄን ሁሉ በአንድ ቀን ደርሶ መልስ እናድርገው የሚል ሰው አለ፣ አታድርጉት፣ ልጆች መኪና ውስጥ ይደክማሉ እርሻውንም አታዩትም። ለመስቀል የምትመጡ ከሆነ ደግሞ ቀደም ብላችሁ ደውሉ፣ ያኔ ጉራጌ ከያለበት አገሩ ስለሚገባ መኪናም አልጋም ማግኘት ከባድ ነው።