የደብረ ሊባኖስ የእግር መንገድ፦ አስጎብኚው ይመስገን፣ የመኪናው ነገር ግን…

ዘንድሮ አገሬ የገባሁት ከስምንት ዓመት በኋላ ነው። ልጄ 12 ዓመቱ ነው፣ ኦስሎ ነው የተወለደው። ጭላዳን በቴሌቪዥን እንጂ በዓይኑ አይቶ አያውቅም። ስለዚህ ደብረ ሊባኖስ ሄደን ከገደሉ አናት በጫካው ውስጥ በእግራችን ልንዞር ተነሳን።

ጭላዳ የሚያድረው ገደሉ ላይ ነው። ጠዋት ፀሐይ ስትሞቅ ወደ አፋፉ ይወጣል፣ ሣር ሲግጥ ይውላል፣ ሲመሽ ይወርዳል። ሲወጡ እንድንደርስባቸው ብዬ መኪና ከነሾፌሩ ለሌሊቱ 11 ሰዓት ተከራየሁ።

በሰዓቱ በር ላይ ቆምን። ልጄ ሹራቡን ለብሶ፣ ዳቦውን በፌስታል ይዞ። 12 ሰዓት ስደውል ሾፌሩ «መንገድ ላይ ነኝ» አለ። 1 ሰዓት ስደውል «እጥፋቱ ጋ ደርሻለሁ»። ከዚያ ስልኩ ተዘጋ። አከራዮቹ ጋ ደወልኩ፤ «የነዳጅ ወረፋ ይዞት ነው፣ ትንሽ ታገሺ» አሉኝ። የመጣው 2 ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ይቅርታ እንኳ አላለም። ወረፋ እንዳለ ከታወቀ ማታውኑ አይቀዳም ነበር? እኔ የምኖርበት አገር ቢሆን ገንዘቤ ይመለስልኝ ነበር።

ስንደርስ 5 ሰዓት ሆኗል። መንጋው ከአፋፉ ርቆ ሄዷል። ልጄ ምንም አላለም፣ ዝም ብሎ ገደሉን አየ።

የካሰን አስጎብኚያችን ነው፤ የአካባቢው ልጅ ነው። ኦስሎ ዙሪያ ያለው ጫካ ውስጥ መንገዱ ዛፍ ላይ በሰማያዊ ቀለም ይሰመራል። እዚህ ምልክት የለም፤ እሱ ባይኖር በዚያ አፋፍ ላይ ልጅ ይዤ አልሄድም ነበር። «እትዬ፣ ይህ ድንጋይ ያንሸራትታል፣ በጎን በኩል ይርገጡ» እያለ ልጄን እጁን ይዞ አሻገረው። ወይራው ሥር ቆም ብሎ ደማከሴ ቀነጠሰ፣ በመዳፉ አሽቶ አፍንጫዬ ሥር አደረገልኝ። የአያቴ ቤት ሽታ ነው። እንባዬ መጣ።

ድልድዩ ጋም ወሰደን። ሰው የፖርቹጋል ድልድይ ይለዋል እንጂ ያሠሩት የአፄ ምኒልክ አጎት ራስ ዳርጌ ናቸው ብሎ ለልጄ ቀስ ብሎ አስረዳው። ውኃው ከሥሩ አልፎ ወደ ገደሉ ሲወረወር ቁጭ ብለን አየን።

ማምሻውን ጭላዳዎቹ ሲመለሱ እንጠብቅ ስል ሾፌሩ ከ9 ሰዓት ጀምሮ ስልክ በስልክ አደረገኝ። «ማዘር፣ ይመሻል፣ መንገዱ ጥሩ አይደለም።» ያረፈደው እሱ፣ የምንቸኩለው እኛ! ተመለስን።

ቤት ስንደርስ ደግሞ ሒሳቡ ተቀየረ። የተስማማነው ነዳጅን ጨምሮ 9,000 ብር ነበር። አሁን ነዳጅ ለብቻው 4,000፣ ለቆመበት 1,500፣ በድምሩ 14,500 ብር አለኝ። አከራዮቹ ጋ ስደውል «ከውጭ ነው የመጣሽው አይደል? ይቺ ብር ምን አላት?» አሉኝ። እኔ እዚያ ሌሊት ሆስፒታል አጽድቼ ያጠራቀምኩት ብር ነው። ልጄ ትከሻዬ ላይ ተኝቷል፣ ጨልሟል። ከፈልኩ። እስካሁን ያንገበግበኛል።

እናንተ የምትሄዱ ከሆነ ነዳጁም፣ የሚቆምበትም፣ ሰዓቱም በቴክስት ይጻፍላችሁ። ቀብድ እንጂ ሙሉውን አስቀድማችሁ አትክፈሉ። እኔ በጥር እመለሳለሁ፤ ያን ጊዜ የእግር ጉዞውን ዋዜማ እዚያው አድራለሁ። የካሰንንም ከአሁኑ ቀጥሬዋለሁ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት አፋፉ ላይ።