«ሞተሩ ተቃጥሏል» ለሚሉ የነጻ መርማሪዎች ቬንትሌተራችሁን አታስረክቡ

ይህን የምጽፈው ከቱሉ ዲምቱ እስከ ቂሊንጦ ባሉት ኮንዶሚኒየሞች ለምትኖሩ፣ በተለይም የመጨረሻው ፎቅ ደርሷችሁ ከቺፕውዱ በላይ ቆርቆሮ ብቻ ላላችሁ ነው። የአቃቂ ወገን ከእንጦጦ ግርጌ ይልቅ ዝቅ ያለና ሞቃት ስለሆነ፣ የካቲት ሲጋመስ ብዙዎቻችን የጣሪያውን ቬንትሌተር እናስነሳለን። ይህንን የሚያውቁ ሰዎች ሰሞኑን ከብሎክ ብሎክ እየዞሩ «ቬንትሌተር በነጻ እንመረምራለን» እያሉ በር ያንኳኳሉ። ምርመራው በእርግጥም ነጻ ነው። ውጤቱ ግን በየቤቱ አንድ ነው፦ «ሞተሩ ተቃጥሏል፣ ወርዶ መጠቅለል አለበት»፤ ማለትም የውስጡ ሽቦ ወጥቶ በአዲስ ሽቦ ይጠመጠም።

በእኛ ደረጃ አንዲት እናት ቤት ሲገቡ እኔም ነበርኩ፤ መሰላሉን የያዝኩት እኔ ነኝ። ሰውዬው ማብሪያውን ጫነ፤ ቬንትሌተሩ እምም እያለ ክንፉን በዝግታ አነቃነቀና ቆመ። ሰውዬው ሞተሩን በመዳፉ ዳሰሰ፣ አሸተተ፣ ራሱን ነቀነቀ። «እናቴ፣ ይህ አብቅቶለታል» አለ። ለጥቅለላው 3,500 ብር፣ ግማሹ አሁኑኑ፣ ቬንትሌተሩንም ይዞት ይሄዳል። እሳቸው «ልጄ፣ እስቲ ላስብበት» ሲሉት ነገ ዋጋው እንደሚጨምር ነገራቸው። «በቴስተር (በኤሌክትሪክ መለኪያ) ለካልን» ስለው ቴስተሩ ወርክሾፕ ቀርቷል አለኝ። ጆንያው ግን አልቀረም፤ በክንዱ ስር ታጥፎ ነበር።

መርማሪዎቹ ባዶ እጃቸውን ሄዱ። በማግስቱ ካፓሲተሩ፣ ሞተሩን የሚያስነሳው ትንሽ ዕቃ፣ ተቀየረና ቬንትሌተሩ እስከ ዛሬ ይዞራል። ለካፓሲተሩ የወጣው ገንዘብ እነሱ ከጠየቁት አንድ አስረኛ እንኳን አይሞላም። ከታችኛው ፎቅ ያሉ ጎረቤቶቻችን ግን አስቀድመው አስረክበዋል፤ «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ» እየተባባሉ ስልክ መደወል ላይ ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የጣሪያ ቬንትሌተር ሞተር ውስጥ ሁለት ጥቅል ሽቦዎች አሉ። በአንደኛው ላይ የተቀጠለው ካፓሲተር፣ ኮንደንሰር የሚሉትም አሉ፣ ለሞተሩ የመነሻ ጉልበትና የመዞሪያ አቅጣጫ ይሰጠዋል። ካፓሲተሩ ከዓመታት ሙቀት በኋላ ይደክማል። ያን ጊዜ ቬንትሌተሩ ድምፅ ያሰማል እንጂ አይነሳም፣ ወይም እየተንቀራፈፈ ይዞራል፤ በመጥረጊያ እንጨት ገፋ ሲያደርጉት ይነሳ ይሆናል። ይህ ምልክት የተቃጠለ ሞተር ምልክት አይደለም፤ እንዲያውም ሽቦው ገና ደህና ለመሆኑ ፍንጭ ነው። የተቃጠለ ሞተር አብዛኛውን ጊዜ ጨርሶ ዝም ይላል፣ ወይም ብሬከር ይጥላል፤ ሲከፈት ሽቦው ጠቁሮ ቫርኒሹ የማረረ ሽታ ይሰጣል።

ማረጋገጫው ቴስተር ነው። ከሞተሩ ሦስት ሽቦዎች ይወጣሉ፤ አንዱ የጋራ ነው። ካፓሲተሩ ተነቅሎ ከጋራው ወደ እያንዳንዱ ሲለካ በኦም ንባብ መኖር አለበት፤ ሁለቱ ንባቦች ሲደመሩም በቀሪዎቹ ሁለት ሽቦዎች መካከል ከሚገኘው ንባብ ጋር ይቀራረባሉ። የትኛውም ሽቦ ደግሞ ከሞተሩ ብረት ጋር መገናኘት የለበትም። ጥቂት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው። ይህን በፊታችሁ ሳያደርግ «ተቃጥሏል» የሚል ሰው ወይ አያውቅም ወይ ያውቃል፤ ሁለቱም ለእናንተ አይበጅም።

ካፓሲተር ስትገዙ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ። ላዩ ላይ ቁጥሩ ተጽፏል፤ በብዙዎቹ ቬንትሌተሮች 2.5 ማይክሮፋራድ ነው። ያንኑ ቁጥር ግዙ፤ ቮልቱም ከአሮጌው አይነስ። «ትልቅ ካስገባህ ይፈጥናል» የሚል ሻጭ አይጠፋም፤ ትልቁ ሽቦውን ያግለዋል፣ ያኔ በእውነት ይቃጠላል። ስትቀይሩ ብሬከሩን አውርዱ። የግድግዳው ማብሪያ ብቻውን አይታመንም፤ አንዳንድ ቤት ውስጥ ማብሪያው የሚቆርጠው ኃይል የሚያመጣውን ሽቦ ሳይሆን መመለሻውን (ኒውትራሉን) ስለሆነ ቬንትሌተሩ ጠፍቶም ኤሌክትሪክ ላይ ይቆያል። አሮጌውን ካፓሲተር ከመንካታችሁ በፊት የሁለቱን ሽቦዎች ጫፍ በፕላስቲክ እጀታ ባለው ካቻቢቴ አገናኙ፣ ቻርጁ ይወጣል። መሰላል የሚያዞራችሁ ከሆነ ለሰፈሩ ኤሌክትሪሻን የእጅ ዋጋ ከፍሎ ማሠራት ይሻላል።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር አጣሩ። ማታ ሁሉም ሰው ምጣድ ሲጥድ የሰፈራችን መብራት ይደክማል፤ ኃይሉ ከ220 ቮልት ሲወርድ ቬንትሌተሩም አብሮ ይቀዘቅዛል። እኩለ ሌሊት ላይ ሲፈጥን ካያችሁት ችግሩ እናንተ ቤት አይደለም፤ መርማሪዎቹም ማምሻውን መምጣት የሚወዱት በከንቱ አይመስለኝም።

ታዲያ ቬንትሌተሩን ይዘው መሄድ ለምን ይፈልጋሉ? በደህና ቬንትሌተር ውስጥ ያለው ሽቦ መዳብ ነው፤ መዳብ ደግሞ ገበያ አለው። አውጥተው በአልሙኒየም ወይም በቀጠነ ሽቦ ቢጠቀልሉት ከውጭ ምንም አይታይም። የሚታወቀው በኋላ፣ ሞተሩ እጅ የማያስነካ ያህል ሲግል ነው። በእውነት ጥቅለላ የሚያስፈልገው ቬንትሌተር ካላችሁ፣ ከመስጠታችሁ በፊት በሚዛን መዝኑት፣ ስሙ የተጻፈበትን ሰሌዳ ፎቶ አንሱ፣ «አሮጌው ሽቦ ይመለስልኝ» ብላችሁ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። ይህን ስትሉ ፊቱ የሚለወጠውን ሰው መለየት ቀላል ነው።

ሁለተኛው የገቢ ምንጫቸው ዘይት ነው። ቬንትሌተሩ ሲንኳኳ ወይም ሲያፏጭ በመሃሉ የሞተር ዘይት ያፈሳሉ። ለጥቂት ቀን ጸጥ ይላል፤ ከዚያ ዘይቱ አቧራ ሰብስቦ ይጠቁራል፣ አልጋ ላይም ይንጠባጠባል። የሚያፏጨው ኩሽኔታው ነው፤ ሞተሩ የሚዞርበት የብረት ኳሶች ያሉት ቀለበት ማለት ነው። በተለመዱት ቬንትሌተሮች 6201 እና 6202 የሚባሉት ቁጥሮች ናቸው፤ ቁጥሩ ጎኑ ላይ ተቀርጿል፣ ኩሽኔታ ከሚሸጥ ሱቅ ይገኛል። ያለቀ ኩሽኔታ ይቀየራል እንጂ ዘይት አያድነውም።

መወዛወዙ ደግሞ ብዙ ጊዜ ገንዘብ አይጠይቅም። በእኛ በኩል አቧራው የሚያሳርፍ አይደለም፤ በአንደኛው ክንፍ ላይ ከሌላው በርከት ብሎ ሲጋገር ሚዛኑ ይዛባል። በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት፣ የክንፎቹን ብሎኖች አጥብቁ። «ሙሉ ክንፍ መቀየር አለበት» ሲሏችሁ መጀመሪያ ጨርቁን አምጡ።

አዲስ እንሰቅላለን ብለው መንጠቆውን በቺፕውዱ ላይ ብቻ ሊያስሩ ከሞከሩ ግን ከመሰላሉ አስወርዷቸው። መንጠቆው ከጣሪያው እንጨት ወይም ከኮንክሪት ጋር መያያዝ አለበት።

ለዓመት የሚሆን «የጥገና ውል» እያሉም ያስፈርማሉ። ወረቀቱን አይቼዋለሁ፦ የንግድ ፈቃድ ቁጥር የለውም፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር የለውም፣ አድራሻው «አቃቂ» ብቻ ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006፣ ሸማች ዕቃ ስላየ ወይም ዋጋ ስለተከራከረ ብቻ እንዲገዛ እንደማይገደድ ይደነግጋል። ስለዚህ «መርምረናልና ክፈሉ» ቢሏችሁ በሩን ማሳየት መብታችሁ ነው።

ቬንትሌተራችሁን አስረክባችሁ ያልተመለሰላችሁ ካላችሁ፣ የፈረማችሁበትን ወረቀትና ገንዘብ የላካችሁበትን የባንክ ደረሰኝ አትጣሉ። የታችኛው ፎቅ ጎረቤቶቻችን ወደ ወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት አቤቱታ እያዘጋጁ ነው፤ ስማችሁን ከእነሱ ጋር ለማስገባት የብሎካችሁን ኮሚቴ አነጋግሩ።