«ዕድሜ ልክ» የተባለው የኢሜይል ማህደር በዓመቱ ተቆለፈብኝ

ኢሜይል የሚያደራጅና በማህደር የሚያስቀምጥ ሶፍትዌር ልትገዙ ካሰባችሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ይህችን አንብቡልኝ። እኔ ገዝቼ ተጎድቻለሁ።

የትርጉም ሥራ ነው የምሠራው፤ አዲስ አበባ ትንሽ ቢሮ አለችኝ። የ14 ዓመት ደብዳቤዬ በሙሉ አንድ ጂሜይል ውስጥ ነበር። ጂሜይል በነፃ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት ነው፤ እሱንም ጎግል ፎቶና ጎግል ድራይቭ (የፋይል ማስቀመጫው) ይሻሙበታል። ሲሞላ አዲስ ኢሜይል አይገባም። አንድ ደንበኛ ደውሎ «ሦስቴ ላክሁልሽ፣ ተመለሰብኝ» ሲለኝ ደነገጥኩ። በዚያው ሰሞን አንድ ማስታወቂያ በየገጹ ይከተለኝ ጀመር። አንዴ ክፈሉ፣ ዕድሜ ልክ ተጠቀሙ ይላል። ዋጋው 49 ዶላር።

ከዚህ ሆኖ በዶላር መክፈል ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ። አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችውን የአክስቴን ልጅ አስቸገርኳት፤ በካርዷ ከፈለችልኝ።

ሳልሞክር አልገባሁበትም። ግን የሙከራው ቅጂ የሚሠራው ከየፎልደሩ በ25 ኢሜይል ብቻ ነበር። 25 ኢሜይል ላይ ሁሉም ነገር ያምራል። የኔ ደግሞ 60 ሺህ ገደማ ነው። መብራት እየሄደ፣ ኢንተርኔት እየተቆራረጠ ሦስት ሌሊት ፈጀ። ያኔ ያላየኋት አንዲት ትንሽ ሣጥን ነበረች፤ «ከተገለበጠ በኋላ ከሰርቨሩ ይጥፋ» ትላለች። ምልክቱ ቀድሞውኑ ተደርጎባታል። ኢሜይሎቼ ወደ ላፕቶፔ ሲገቡ ከጂሜይል እየተሰረዙ ነበር። ጂሜይል የተሰረዘውን ትራሽ ውስጥ የሚያቆየው 30 ቀን ነው። እኔ የመልእክት ሣጥኔ ስለቀለለልኝ ደስ ብሎኝ፣ ትራሹን ዞር ብዬ አላየሁም።

ጉዳቱን ያወቅኩት ከወራት በኋላ ነው። በአማርኛ የተጻፈ የኢሜይል ርዕስ ሁሉ የጥያቄ ምልክት ሆኗል። ፕሮግራሙ አታችመንቶችን (ተያይዘው የመጡ ፋይሎችን) ከኢሜይሉ ነጥሎ ለብቻ ፎልደር ያስቀምጣል። ስማቸው በፊደላችን የተጻፈ ከሆነ እያንዳንዱን ፊደል በሰረዝ ይተካዋል። የፊደላቸው ቁጥር እኩል የሆኑ ፋይሎች ስማቸው አንድ ይሆናል፤ የኋለኛው በፊተኛው ላይ ይጻፍበታል።

ወንድሜ ጅዳ በነበረበት ጊዜ «ለእማዬ» እና «ለአባዬ» ብሎ ሁለት ፎቶ ልኮልኝ ነበር። አራት አራት ፊደል ናቸው። የተረፈው አንዱ ነው። ወንድሜ ዛሬ በሕይወት የለም። ልኮልኝ የነበረው ሌላው ፎቶ ምን እንደሚመስል እናቴ እስካሁን ትጠይቀኛለች። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች የዓለምን ፊደላት በሚለዩበት የጋራ ሥርዓት ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ዛሬ ላይ አማርኛን እንዲህ የሚያበላሽ ሶፍትዌር ምንም ሰበብ የለውም።

ዓመት ሲሞላ ደግሞ ማህደሩ ተቆለፈ። «ዕድሜ ልክ» የተባለው የገዛሁት ቅጂ ዕድሜ ነው አሉኝ። ማንበብ እችላለሁ፤ ኤክስፖርት ለማድረግ፣ ማለትም ኢሜይሎቼን ከፕሮግራሙ ለማውጣት ግን ሌላ 79 ዶላር። ፋይሉ የራሳቸው ዓይነት ስለሆነ ሌላ ፕሮግራም አይከፍተውም። በዚያው ሳምንት የአክስቴ ልጅ ደወለች። «የድጋፍ እድሳት» ተብሎ ሌላ 49 ዶላር ከካርዷ ተወስዷል። በሰው ሀገር ለፍታ ያገኘችው ገንዘብ ነው፤ አፈርኩ። እሷ ባንኳ ዘንድ ተከራክራ አስመለሰችው። እኔ ለድርጅቱ ብጽፍ የውሉን አንቀጽ ጠቅሰው መለሱልኝ። 79ኙን በጓደኛ በኩል ከፍዬ ያወጣሁት ያንኑ የተበላሸውን ነው።

የሚያንገበግበኝ፣ ለዚህ ሥራ ጭራሽ መክፈል አያስፈልገኝም ነበር። ጎግል ቴክአውት የሚባል፣ ጎግል ላይ ያላችሁን ሁሉ ገልብጦ የሚሰጣችሁ ነፃ አገልግሎት አለ። ከዝርዝሩ ሌላውን ሁሉ አጥፍታችሁ ሜይልን ብቻ ምረጡ። ብዙ ከሆነ ሰዓታት፣ አንዳንዴም ቀናት ይፈጃል። ሲያልቅ ማውረጃው ሊንክ በኢሜይል ይመጣል፤ ሳምንት ገደማ ብቻ ስለሚቆይ ቶሎ አውርዱት። የሚሰጣችሁ ኤምቦክስ የሚባል ፋይል ነው። ይህ ማንም ያልቆለፈው፣ ብዙ ፕሮግራም የሚያነበው ዓይነት ነው። ተንደርበርድ የሚባለው የኢሜይል ፕሮግራም በነፃ ይከፍተዋል። ሁለት ቦታ አስቀምጡት፣ ከዚያ ከፍታችሁ እዩት። ከጂሜይል መሰረዝ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

የግድ የሚከፈልበትን ካሻችሁ፣ ወደ ኤምቦክስ ወይም ወደ ኢኤምኤል (ሌላው ክፍት የኢሜይል ፋይል ዓይነት) ያለ ተጨማሪ ክፍያ ያወጣ እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ስትሞክሩ የአማርኛ ርዕስና በአማርኛ የተሰየመ አታችመንት ያለበትን ኢሜይል ምረጡ። የወጣውን በሌላ ፕሮግራም ክፈቱት።

ነፃ ነን የሚሉትንም ተጠንቀቁ። አንሮል ሚ የተባለው የኢሜይል ማጽጃ የተጠቃሚዎቹን የግዢ ደረሰኝ መረጃ ለእናት ኩባንያው ያቀብል እንደነበር እ.ኤ.አ. በ2017 ተጋልጧል። በ2019 የአሜሪካ የንግድ ኮሚሽን ተጠቃሚዎችን አታሏል ብሎ ከሶት፣ በስምምነት ነው ያለቀው። ኢሜይላችሁን እንዲያነብ የፈቀዳችሁለትን ሁሉ ከጎግል አካውንታችሁ ገብታችሁ ማየትና ፈቃዱን ማንሳት ትችላላችሁ።

እንደ እኔ ገዝታችሁ የሶፍትዌሩ መጠቀሚያ ፈቃድ ገና ያላለቀባችሁ ካላችሁ፣ ኤክስፖርት የምትለዋ ቁልፍ ስትሠራ ዛሬውኑ አውጡት። የከፈላችሁት በዘመድ ካርድ ከሆነ ደግሞ አውቶማቲክ እድሳቱን ዝጉ፤ መዘጋቱን የሚያረጋግጠውንም ኢሜይል ለባለካርዱ ላኩለት።