ሰኞ ገበያ ላለው ልጅ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ

ደሴዎች፣ ኮምቦልቻዎች፣ እንዴት ሰነበታችሁ። አንድ ሰው ላመሰግን ነው፤ ለሚያስፈልገው አድርሱልኝ።

ታናሽ ወንድሜ የሰፈራችንን እድር ሒሳብ የሚይዝ አፕ ሠርቷል። እናታችን ስታርፍ ድንኳን ተክሎ ያስተዛዘነን ይኸው እድር ነው፤ ውለታ መመለሱ ነበር። ኮዱንም ማንም እንዲጠቀምበት በነጻ ለቆታል፣ ኦፕን ሶርስ የሚሉት። ውጭ ላሉት አባሎቻችን አፕ ስቶር ላይ ሊጭነው ሲል ግን «ኢንክሪፕሽን (መረጃን ሌላ ሰው እንዳያነበው በምስጢር መቆለፍ) ይጠቀማል ወይ?» የሚል የአሜሪካ ኤክስፖርት ሕግ ጥያቄ መጣበት።

ከዚያማ የደረሰብን! አንዱ «የአሜሪካ መንግሥት ፈቃድ አስወጣላችኋለሁ» ብሎ 18 ሺህ ብር ቀብድ ከተቀበለን በኋላ ስልክ ማንሳት ተወ። ሌላው ጭራሽ «ኮዱን መልቀቅህ ያሳስርሃል» አለው። ሌሊት ተነሥቶ የሁለት ዓመት ልፋቱን ሊያጠፋ ሲል ነው የደረስኩበት። ሆዴ እስካሁን አልበረደም።

ሰኞ ገበያ አካባቢ ሶፍትዌሩንም ሕጉንም የሚያውቅ ልጅ አለ ሲሉኝ ተስፋ ሳይኖረኝ ሄድን። የወንድሜ እጅ ሲንቀጠቀጥ አይቶ ሻይ አስመጣና «አብሽር ወንድሜ፣ ምንም አላጠፋህም» አለው። ይቺን ቃል መቼም አልረሳትም። ከዚያ ሕጉን ከፍቶ በጣቱ መስመር በመስመር እያሳየ በአማርኛ ነገረን። አፑ የሚጫነው አሜሪካ ያለ ሰርቨር ላይ ስለሆነ ሕጋቸው ደሴ ድረስ ይመጣል። የተለመደውን ዓይነት ኢንክሪፕሽን ለሚጠቀም ክፍት ኮድ ድሮ ለሁለት መሥሪያ ቤቶች ኢሜይል ይላክ ነበር፤ ከፈረንጆቹ 2021 ወዲህ እሱም ቀርቷል። ገንዘብ ያኔም አይከፈልበትም! «ፈረንሳይ አባል አላችሁ?» አለን። የለንም። «እንግዲያው ለጊዜው ከአገሮቹ ዝርዝር አውጧት፣ የራሷ ወረቀት አላት» አለ። ሌላውን እኔ አልገባኝም፣ ወንድሜ ግን ገብቶታል።

ፊል ዚመርማን ስለሚባል አሜሪካዊም አጫወተው። በፈረንጆቹ 1991 ፒጂፒ የሚባል የኢንክሪፕሽን ፕሮግራም አውጥቶ፣ በዚሁ ኤክስፖርት ሕግ ምክንያት ሦስት ዓመት ሲመረመር ከርሞ በ1996 ያለ ክስ ተዘጋለት። ኮዱንም መጽሐፍ አድርገው አተሙት፣ መጽሐፍ ወደ ውጭ መላክ አይከለከልማ! ወንድሜ ከስንት ሳምንት በኋላ የሳቀው ያኔ ነው።

የተቀበለን 500 ብር ብቻ ነው። ማሻአላህ፣ እንዲህ ያለ ልጅ አለን። አፑ ሐሙስ ጸደቀ፤ ዋሽንግተን ያለው አጎታችን የወር መዋጮውን ቀድሞ ከፈለ።

ለማንም ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት እሱን አማክሩት፣ እባካችሁ። ኮምቦልቻ ያላችሁም ሐረጎን ወጥታችሁ ኑ። ስልኩን በውስጥ መስመር ጠይቁኝ።