የሞተሬን ፍሬን አልቆርጥም ላሉኝ መካኒክ ምስጋና

ደሴና ኮምቦልቻ ያላችሁ ሞተር የምትነዱ ሁሉ ይህችን አንብቡልኝ። ረዘም ትላለች፣ ግን ያገለገለ ሞተር ሊገዛ ያሰበ ሰው ካለ ይጠቅመዋል ብዬ ነው። ሰኞ ገበያ አካባቢ የሚሰሩ አንድ የሞተር መካኒክ አሉ። "ስሜን እንዳትጽፍ" ብለውኛል፣ ስለዚህ ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ። ጋራዡን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ፣ እጠቁማችኋለሁ።

ቤቴ ደሴ ነው፣ ስራዬ ኮምቦልቻ። ርቀቱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው። መንገዱን ግን ታውቁታላችሁ። ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል፣ ሀረጎ የሚባለው ቁልቁለት ላይ ደግሞ አንዱን ኩርባ ሳትጨርሱ ሌላው ይመጣል፣ ከፊት የጭነት መኪና እየተንፏቀቀ ከኋላ ሚኒባስ ጥሩምባ ይነፋባችኋል። ታናሽ እህቴ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ስለምትማር ብዙ ጊዜ ከኋላዬ ተቀምጣ ነው የምትሄደው። እና ይቺ ሞተር ለኔ የሁለታችንም ነፍስ ያለችባት ነገር ናት።

አምና ጥር ላይ ያገለገለች ህንድ ሰራሽ 125 ሲሲ ሞተር ገዛሁ። ሊብሬዋ ንጹህ ነው። በአንድ እርግጫ ትነሳለች። ጎማዋም ደህና ነበር። ሻጩ ሰፈር ውስጥ ሜዳ ላይ ሁለት ዙር አስነዳኝ፣ ፍሬኗን ረገጥኩ፣ ቆመች፣ ከፈልኩ። ሜዳ ላይ ደካማ ፍሬንም ቢሆን ይይዛል፣ ያንን ያኔ አላሰብኩትም።

ሞተሯ ከፋብሪካ ስትወጣ ፍሬኗ የተያያዘ ነበር። ሲቢኤስ የሚሉት ነው፣ አንዳንዷ ላይ የፊት ፓራፋንጎው ላይ ተለጥፎ ታገኙታላችሁ። የእግር ፍሬኑን ስትረግጡ የኋላው ብቻ ሳይሆን የፊቱም አብሮ ይይዛል። ህንድ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከኤፕሪል 2019 ጀምሮ እስከ 125 ሲሲ ያሉ አዳዲስ ሞተሮች ሁሉ ይህ ወይም ኤቢኤስ (ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው) እንዲኖራቸው ህግ አስገድዷል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። የጣሊያኑ ሞቶ ጉዚ ገና እ.ኤ.አ. በ1975 ፔዳሉን ከኋላ ዲስክና ከፊት አንድ ዲስክ ጋር አያይዞ ትልልቅ ሞተሮቹን ሸጧል። እኔ ይህን ሁሉ ያወቅሁት በኋላ ነው። ከኔ በፊት በነበረው ሰው እጅ ላይ እያለች አንድ መካኒክ ወደ ፊት የሚሄደውን ካቦ፣ ማለትም የፍሬን ገመድ፣ ቆርጦት ኖሯል። ጫፉን በሽቦ ጠምጥሞ ከታንኩ ስር ደብቆታል። እኔም አምስት ወር እንደዚያ ነዳኋት።

ሰኔ መጨረሻ ላይ ነው። ካፊያ አለ፣ እህቴ ከኋላ ናት፣ ሀረጎን እየወረድን ነው። ፔዳሉ ከወትሮው ጠለቅ ያለ መሰለኝ። ደገምኩት። ሦስተኛ ስረግጥ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታ አፍንጫዬ ገባ። አራተኛ ስረግጥ ፔዳሉ ታች ድረስ ወረደና እግሬ ስር ባዶ ሆነ። ከአራተኛ ወደ ሦስተኛ፣ ከሦስተኛ ወደ ሁለተኛ ማርሽ አወረድኩ፣ ሞተሯ ጮኸች፣ እህቴ ጃኬቴን በሁለት እጇ ጨምድዳለች፣ ከፊታችን ያለው የጭነት መኪና የኋላ መብራት እየቀረበ እየቀረበ መጣ፣ እኔ ደግሞ መሪውን ወደ ዳር ይዤ ጠጠሩ ላይ አወጣኋትና አንደኛ ማርሽ ላይ ተንገጫግጫ ቆመች። ማናችንም አልተጎዳንም፣ ተመስገን። እህቴ ወርዳ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ "ሁለተኛ እሷ ላይ አልወጣም" አለችኝ። አልፈረድኩባትም።

ከዚያ በኋላ የሄድኩባቸውን ጋራዦች ስም አልጠራም። አንዱ ጎማውን እንኳ ሳይፈታ የኋላውን ዳዶ አጥብቆ 300 ብር ተቀበለኝ። በማግስቱ የኋላ ታምቡሩ (ሸራው ከውስጥ የሚይዘው ክብ ብረት) ከመጋሉ የተነሳ ውሃ ጠብ ሳደርግበት ጭስስ አለ፣ ለካ ሸራው ሳልረግጥም እየታከከ ነበር። ሌላው ዲስክ እናስገባልህ ብሎ ኪሴ የማይችለውን ዋጋ ጠራ። ሌላው "ይሄ የተያያዘ ፍሬን ነው ችግሩ፣ የቀረውንም እናውጣው" አለኝ። ይሄኛው ልቤ ገባ። ሰው ሁሉ የሚለው እሱን ስለነበር። ጎረቤቴ ባጃጅ ነው የሚነዳው፣ "ከማስቆረጥህ በፊት ግን እሳቸውን አንዴ አማክራቸው" ብሎ ጋሼ ጋ ወሰደኝ።

"ጋሼ፣ ይሄን ማያያዣ አውጥተው የፊቱንና የኋላውን ለየብቻ ያድርጉልኝ" አልኳቸው። መልስ አልሰጡኝም። ጎንበስ ብለው የተደበቀውን ሽቦ በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉና "በቀስታ፣ በማርሽ፣ እዚያ ሱቁ ድረስ ነድተህ ተመለስ" አሉኝ። ነድቼ ተመለስኩ።

"አልቆርጥም" አሉ።

"ለምን ጋሼ?"

"ቀኝ እጅህን ነበር የማየው። አራት ጊዜ ቆምክ፣ አንዴም የእጅ ፍሬኑን አልነካህም። አንተ እግር ብቻ ነው የምታውቀው። ይሄን ለይቼ ከሰጠሁህ ሀረጎን በኋላ ፍሬን ብቻ ልትወርድ ነው። ወላሂ፣ አላህ ፊት በዚህ አልጠየቅም።"

እውነታቸውን ነበር። ሞተር ከለመድኩ ጀምሮ የፊት ፍሬን ይገለብጣል ሲባል ነው የሰማሁት፣ እና እጄ ወደዚያ አይሄድም። ጋሼ ቁጭ አሉና አስረዱኝ። "ጭነት ያላት አህያ ቁልቁል ስትወርድ ጭነቱ ወዴት ነው የሚንሸራተተው? ወደ አንገቷ አይደል? ሞተርም ስትቆም ክብደቷ በብዛት ወደ ፊት ጎማ ይሄዳል። የኋላው ይቀለዋል። የቀለለ ጎማ ደግሞ ብትይዘው ይንሸራተታል እንጂ አያቆምም። የሚያቆምህ የፊቱ ነው።"

ቀጥለው የተቆረጠው ካቦ ምን እንዳደረገኝ አሳዩኝ። የኔ ሞተር ላይ ፔዳሉ አንዲት አጭር ብረት ይስባል፣ የብረቷ አንድ ጫፍ የኋላውን ፍሬን፣ ሌላው ጫፍ የፊቱን ካቦ ይዟል። "ይቺ ቀንበር ናት" አሉኝ። "አንዱን በሬ ፈትተህ ብትተወው ቀንበሩ ይዞራል እንጂ ሌላው በሬ ማረሻ አይስብም። ያ ሰውዬ አንዱን በሬ ነው የፈታብህ።" ፔዳሉን በእጃቸው ጫን ሲያደርጉት ብረቷ ባዶ ወደሆነው ጎን ስትጋደል በዓይኔ አየሁ። ስረግጥ የነበረው ጉልበት ግማሹ እዚያ ሲቀር ኖሯል። በቀረው ኃይል ያንን ቁልቁለት ለመያዝ ደግሞ ረግጬ እቆያለሁ፣ ሸራው ይግላል፣ የጋለ ሸራ አይነክስም። አምስት ወር ሙሉ ግራ የገባኝን ነገር በአምስት ደቂቃ ገባኝ።

ስራቸውን ማየት በራሱ ደስ ይላል። ሁለቱንም ጎማ ፈቱ። የታምቡሩን አቧራ በኮምፕረሰር አልነፉትም፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠረጉት፣ ለማጁንም "ይሄ አቧራ ሳንባ ነው የሚበላው" ብለው ገሠጹት። አውራ ጣታቸውን ታምቡሩ ውስጥ አዙረው የተበላ ቦታ ፈለጉ። የኋላ ሸራው እንደ መስታወት ያብለጨልጫል፣ ተቃጥሎ ጠንክሯል። የፊቱ ደግሞ ብዙም ስላልተሰራበት ዳርና ዳሩ ዝጓል። ሸራዎቹን ቀየሩ፣ አዲስ ካቦ ለልኳ አስመጡ፣ የሸራው መግፊያ ላይ በክብሪት እንጨት ጫፍ የምታክል ግራሶ ቀቡ፣ ከዚያ አላለፉም። "ከበዛ ሲግል ቀልጦ ሸራው ላይ ይወርዳል" አሉ።

ልኬቱ ላይ ነው ትዕግሥታቸውን ያየሁት። ሞተሯን ሳጥን ላይ አንስተው ሁለቱም ጎማ አየር ላይ ሆነ። ለማጁ የፊቱን ያሽከረክራል፣ እኔ የኋላውን፣ ጋሼ ፔዳሉን በእጃቸው በቀስታ ይጫናሉ። መጀመሪያ የኋላው መያዝ አለበት፣ ትንሽ ቆይቶ የፊቱ። አንድ ላይ ከያዙ ወይም የፊቱ ከቀደመ ይፈቱታል፣ ካቦውን ግማሽ ዙር ያላላሉ፣ እንደገና። ስንት ጊዜ እንደደገሙት አልቆጠርኩም፣ ከዝሁር ሶላት በፊት ጀምረን የዐስር ሶላት ሲደርስ ነው ያለቀው። ሲጨርሱ ዳዶዎቹ ላይ በቀይ የጥፍር ቀለም መስመር አሰመሩ። "ይሄ መስመር ከተላቀቀ ዳዶው ዞሯል ማለት ነው። በየሳምንቱ እይ።"

ብር ላወጣ ስል "ቆይ" አሉኝ። መጀመሪያ ራሳቸው ነድተው ተመለሱ። ቀጥሎ እኔን አስነድተው ከኋላዬ ተቀመጡ። በየቁልቁለቱ ትከሻዬን መታ እያደረጉ "እጅ!" ይላሉ። በሁለት ጣት፣ ቀስ ብሎ ጀምሮ እየጨመሩ እንጂ በአንዴ ጨብጦ አይደለም። ኩርባ ውስጥ ሳይሆን ኩርባው ሳይመጣ። ሀረጎን ደግሞ ከላይ ጀምሮ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ማርሽ ላይ፣ እግር ፔዳል ላይ ሳያሳርፉ። ግማሽ ሰዓት አስተማሩኝ፣ ለሱ ምንም አልጠየቁኝም። ለእጃቸው 900 ብር ተቀበሉ፣ የእቃውን ደረሰኝ ሰጡኝ፣ የወጣውን አሮጌ ሸራና የተቆረጠውን ካቦ በፌስታል አድርገው "ያንተ ነው" ብለው አስያዙኝ። ከዚህ በፊት አሮጌ እቃዬን መልሶ የሰጠኝ መካኒክ አላጋጠመኝም።

ጋሼ የተያያዘ ፍሬን ፈጽሞ አይነካም የሚሉ ሰው እንዳልሆኑም ልንገራችሁ። ገጠር ጠጠርና ጭቃ ላይ የሚውል፣ እጁ የበሰለ ነጂ ከሆነ ይለያዩለታል፣ ምክንያቱም ልል ጠጠር ላይ እግር ነካ ባደረገ ቁጥር የፊት ጎማው ከያዘበት ሊጥለው ይችላል። ግን በመቁረጥ አይደለም። ማያያዣዋን ብረት ከነካቦዋ አውጥተው ፔዳሉን በቀጥታ ከኋላ ፍሬን የሚያገናኝ ዘንግ ይገጥማሉ። ትልልቆቹ ሆንዳዎች ላይ ያለው በዘይት የሚሰራው ደግሞ ሌላ ነው፤ አንዳንዶቹ ላይ የፊት ፍሬኑ ሲይዝ ራሱ ትንሽ ዞሮ ሁለተኛ ፓምፕ ይገፋና ወደ ኋላ ዘይት ይልካል። እሱን ቱቦ ዘግቶ መለየት አይቻልም፣ መስመሩ በሙሉ እንደ አዲስ ነው የሚሰራው።

ያገለገለ ሞተር ስትገዙ ይቺን ብቻ አድርጉ። የፊት ጎማውን ከመሬት አንሱ፣ አንድ ሰው ያሽከርክረው፣ እናንተ የእግር ፍሬኑን ጫኑ። ሲቢኤስ የተባለች ሞተር ሆና የፊት ጎማው ዝም ብሎ ከዞረ አንድ ሰው ነካክቷት ሊሆን ይችላል። ፔዳሉ ሳይነካ ጎማው የሚታከክ ከሆነም እንደዚያው። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

እኔ ከሐምሌ ጀምሮ በየቀኑ እየወረድኩ እየወጣሁ ነው። ቀዩ መስመር እስካሁን አልተላቀቀም። እጄም ለምዷል። እህቴ ጥቅምት ላይ ትምህርት ሲጀመር ሳልጠይቃት ሄልሜቷን አንስታ ከኋላዬ ተቀመጠች።

ለምትሄዱ፦ አርብ ለጁምዓ ይዘጋሉ፣ ቅዳሜ ባጃጅ ይበዛባቸዋል፣ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ በጠዋት ብትሄዱ ይሻላል። ከመፍታታቸው በፊት ነድታችሁ አሳዩኝ ይሏችኋል፣ እሺ በሏቸው።

ጋሼ፣ ይሄን ልጅዎ እንደሚያነብልዎ አውቃለሁ። እድሜና ጤና ይስጥልኝ። እህቴ ቅዳሜ ቡና ይዛ እመጣለሁ ብላለች፣ እናቴም አብራት ትመጣለች፣ ጋራዡ ውስጥ አንድ ሁለት በርጩማ ያመቻቹልን።