ለቄራው መካኒክ ምስጋና፣ የሚጮህ ቺንጋ ላስቸገራችሁም ጥቆማ

ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ ሰፈሩን በሙሉ የሚቀሰቅስ አሮጌ ፒክአፕ ካላችሁ ይህ ጽሑፍ ለእናንተ ነው። ቄራ አካባቢ፣ ከሁለት መኪና በላይ በማያስገባ ጋራዥ ውስጥ የሚሠሩ አንድ አንጋፋ መካኒክ አሉ። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ምስጋናዬ ለእሳቸው ነው።

መኪናዬ እ.ኤ.አ. የ1994 ሂሉክስ ነው፤ ደብል ጋቢና፣ ባለ 2.8 ሊትር 3ኤል የናፍጣ ሞተር። ከመቂ ሽንኩርት አመላልስበታለሁ። በብርድ ሲነሳና ማታ መብራት ሲበራ ቺንጋው (ሞተሩ ዲናሞውን፣ ማለትም ኤሌክትሪክ አመንጪውን የሚያዞርበት የጎማ ቀበቶ) ሲጢጥ እያለ ይጮኽ ነበር። ቀድሞ የምሄድበት ጋራዥ ያለው መፍትሔ አንድ ብቻ ነው፦ አዲስ ቺንጋ መግጠም፣ ከበፊቱም አብልጦ መወጠር። ጥቂት ጊዜ ዝም ይላል፤ ከዚያ እንደገና ይጀምራል። በመጨረሻ የሚያጣብቅ ፈሳሽ ረጩበት፤ እሱም የመንገዱን አቧራ ሰብስቦ ጉዳዩን አባባሰው።

ጋሼ መፍቻ ከማንሳታቸው በፊት መኪናው ጋራዡ ውስጥ እንዲያድር አደረጉ፤ ድምፁን ሞተሩ ሳይሞቅ መስማት ፈልገው ነው። ጠዋት አስነሱት፤ ጮኸ። ከፕላስቲክ ጠርሙስ ጥቂት ውሃ በቺንጋው ጎን ላይ ጠብ አደረጉ። ጩኸቱ ይበልጥ ጨመረ። «ኩሽኔታ ቢሆን ውሃው ምንም አይለውጠውም ነበር። ፑሌጃዎቹ መስመር ስተው ቢሆን ደግሞ ለአፍታ ዝም ይል ነበር። ይሄ እየተንሸራተተ ነው» አሉኝ። ኩሽኔታ ዘንጉ ሳይሻክር እንዲዞር የሚያደርገው ቀለበት ነው፤ ፑሌጃ ደግሞ ቺንጋው የሚጠመጠምበት ባለ ቦይ መዘውር። እዚህ ላይ ግራ ገባኝ፤ ቺንጋው እንደ ክራር ጅማት ተወጥሮ እያለ እንዴት ይንሸራተታል?

ሞተሩን አጥፍተው ጎን ለጎን የተገጠሙትን ሁለቱንም ቺንጋዎች አወለቁና የእጅ ባትሪ አብርተው የዲናሞውን ፑሌጃ አሳዩኝ። የቦዩ ወለል መስታወት መስሎ ያበራል። የዚህ ዓይነቱ ቺንጋ የሚይዘው በሁለት ጎኑ ነው፤ ወለሉን ጨርሶ መንካት የለበትም። የፑሌጃው ግድግዳ በአቧራና በዘመን ብዛት ተበልቶ ስለሰፋ፣ ቺንጋው ሰምጦ ወለሉ ላይ ይሽከረከር ነበር። እንዲህ ባለ ፑሌጃ ላይ አዲስ ቺንጋ መደርደር ገንዘብ መጣል ነው።

«እጅህን አምጣ ልጄ» ብለው ዲናሞውን በጣቴ እንዳሽከረክረው አደረጉ። ውስጡ አሸዋ የገባበት ያህል ይሻክራል። ያ ሁሉ መወጠር ኩሽኔታውን መብላት ጀምሮ ነበር። በዚህ ሞተር ላይ የፍሬኑ ቫኪዩም ፓምፕ (አየር እየሳበ የፍሬኑን ፔዳል የሚያቀለው) ከዲናሞው ጀርባ ስለተገጠመ፣ ዲናሞው ሥራ ቢያቆም ፍሬኑ ይከብዳል። ሽንኩርት ጭኜ ቁልቁለት ስወርድ አሰብኩትና ቀዘቀዝኩ።

የውሃ ፓምፑንም በእጃቸው ነቅንቀው ደህና መሆኑን አረጋገጡ፤ «አይነካም» ብለው ተዉት። ሌላ ቦታ ቢሆን እሱንም አስቀይረውኝ ነበር። ያገለገለ ግን ያልተበላ ፑሌጃ ከሶማሌ ተራ ገዛሁ፤ ከመግጠማቸው በፊት ቦዩን በጣታቸው ዳስሰው አዩት። የዲናሞው ኩሽኔታ ተቀየረ። ቺንጋዎቹም ጥንድ ሆነው አብረው ተተኩ፤ አንዱ አዲስ ሌላው አሮጌ ከሆነ ጭነቱን እኩል አይካፈሉትም። ሲወጥሩ መሐሉን በአውራ ጣት ተጭነው አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል እንዲሰጥ አደረጉት። አዲስ ቺንጋ ስለሚለጠጥ ጥቂት ሠርቼበት እንድመለስ አዘዙኝ፤ ስመለስ አስተካክለው ሳንቲም አልተቀበሉኝም። ለምርመራው የጠየቁኝም ከአንድ ቺንጋ ዋጋ ያነሰ ነው።

እውነቱን ለመናገር ፈጣን አይደሉም። የጀመሩትን ሳይጨርሱ ሌላ መኪና አይነኩም፤ ወረፋ ትጠብቃላችሁ። በኮምፒውተር የሚመረመሩ አዳዲስ መኪናዎችንም አይቀበሉም። የድሮ ናፍጣ ላላችሁ ግን ከእሳቸው የተሻለ አላየሁም። አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ስትሄዱ ቺንጋው ላይ ሳሙናም ሆነ ቅባት አትቀቡ፤ ድምፁን ሸፍናችሁ ከመጣችሁ አጥባችሁ በማግስቱ እንድትመለሱ ነው የሚያደርጓችሁ።