ለአፋር ድንጋይ፣ ለሳነቴ ዳገት፦ ላንድክሩዘሬ ላይ ያስገጠምኩት ሞላና ጎማ

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር፣ ምክንያቱን ቀጥዬ ላስረዳ። 105 ላንድክሩዘር ይዞ እንግዳ ለሚያመላልስ ሰው፣ መኪናዋን 50 ሚሊ ሜትር ከፍ የሚያደርግ የኦልድ ማን ኢሙ ሞላ ከነሾክ አብዞርበሩ፣ ከሥሩ ደግሞ ቢኤፍ ጉድሪች ኬኦ2 ጎማ በ265/75 አር 16 ልክ (265 ስፋቱ በሚሊ ሜትር፣ 75 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ በመቶኛ፣ 16 የቸርኬው ልክ በኢንች) ይበቃዋል። ከዚያ በላይ ከፍታም፣ ከዚያ በላይ ሰፊ ጎማም ለአገራችን መንገድ አያስፈልገውም። በዚህ ገጠማ ኤርታሌን፣ ደቡብ ኦሞንና የባሌውን የሳነቴ አምባ እየዞርኩ ነው እንጀራዬን የምበላው። የምጽፈውም መሪ ጨብጬ ያየሁትን ነው።

መኪናዋ 1ኤችዜድ ሞተር ያላት፣ 4.2 ሊትር፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር ናፍጣ ናት፤ ተርቦ የላትም። ከፊትም ከኋላም አክስሏ ድፍን ነው፣ ግራና ቀኝ ጎማ በአንድ ወጥ አክስል ይያያዛሉ፤ አራቱም እግር ላይ ያለው ሞላ እንጂ ባሌስትራ አይደለም። ይቺን መኪና ተንከባክቦ መያዝ ዛሬ የፍቅር ጉዳይ ብቻ አይደለም። በጥር 2016 በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ መከልከሉ ይፋ ሆነ። በሐምሌ 2016 ደግሞ የዶላር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ዋጋው ሰማይ ነካ። ስለዚህ ያለችኝን መኪና እግር አጠንክሬ ብዙ ዓመት ማሠራት አለብኝ፤ የሚወጣው ገንዘብም ቦታውን ማግኘት አለበት።

መጀመሪያ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ነገር ላንሳ። አክስሏ ድፍን የሆነ መኪና ላይ ሞላ ስትለውጡ ከፍ የሚለው ቦዲው ነው። አክስሉ መሃል ያለው የማርሽ ቤት፣ ዲፈረንሻሉ፣ ከመሬት ያለው ርቀት በአንዲት ሚሊ ሜትር እንኳ አይጨምርም፤ እሱን ከፍ የሚያደርገው ጎማ ብቻ ነው። ታዲያ ሞላው ምን ይጠቅማል ካላችሁ፣ ጭነት ሲበዛ ኋላዋ እንዳይቀመጥ ያደርጋል፣ ወንዝ ውስጥ ገብታ ስትወጣ ፓራውልቷ አፈር እንዳይዝቅ ያደርጋል፣ እግሯም ወደ ላይም ወደ ታችም ለመንቀሳቀስ ቦታ ያገኛል። ይህን ለማግኘት 50 ሚሊ ሜትር በቂ ነው። 100 ሚሊ ሜትር ያስነሱ ሰዎች አውቃለሁ። ፎቶ ላይ ታምራለች፤ ከአዋሽ እስከ ሚሌ ባለው አስፋልት ላይ ግን የጂቡቲ ተሳቢ በጎን ሲያልፍ ንፋሱ ምን እንደሚያደርጋት ተሳፍሬ አይቻለሁ። ጣሪያዋ ላይ ጭነት ያለባት መኪና በዚያ ላይ ሌላ ከፍታ አያስፈልጋትም።

የሞላውን ዓይነት የመረጠልኝ ለረጅም ጊዜ መኪናዬን የሚያይልኝ አንጋፋ መካኒክ ነው። ካታሎግ ይዤ ስሄድ ዘግቶ መለሰልኝና “ሞላ የሚመረጠው ባዶ መኪና ታይቶ አይደለም። ለጉዞ የምትጭነውን ሁሉ ጭነህ ና፤ ያኔ እናወራለን” አለኝ። “እሺ ጋሼ” ብዬ ሄጄ እንደ ልማዴ ጫንኩ። 100 ሊትር ውሃ 100 ኪሎ ነው። በአራት ጄሪካን 80 ሊትር ናፍጣ ወደ 67 ኪሎ ይመጣል። ሁለተኛ ስኮርታ ጎማ ከነቸርኬው 40 ኪሎ ገደማ ነው። ድንኳኑ፣ ፍራሹ፣ የማብሰያ ጋዙ፣ የወጥ ቤቱ ሳጥን፣ ከዚያም የአራት እንግዳ ሻንጣ አለ። በሜትር የለካው ከጎማው እምብርት እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ነበር። ከመሬት ከተለካ የጎማው አየር ልኬቱን ያዛባዋል፤ ከእምብርት ሲለካ ግን የሚታየው የሞላው ሥራ ብቻ ነው። ባዶዋን ለክቶ የጻፈውንና ጭነት ይዛ የለካውን ሲያነጻጽር፣ ከኋላ የወረደችው ከአራት ጣት በላይ ነበር።

ኦልድ ማን ኢሙን ያስመረጠኝ ይኸው ነው። የኦልድ ማን ኢሙ ባለቤት የሆነው የአውስትራሊያው ኤአርቢ ሞላውን የሚሸጠው በከፍታ ብቻ ሳይሆን በጭነት ለይቶ ነው፤ ለአንድ መኪና ለቀላል፣ ለመካከለኛና ለከባድ ጭነት የተለያየ ሞላ አለው። እኔ ከኋላ ከባዱን፣ ከፊት መካከለኛውን አስገባሁ። ከፊት ዊንች ወይም የብረት ፓራውልት ላለው ሰው የፊቱም ከባድ መሆን አለበት። ከተማ ውስጥ ባዶ የምትውል መኪና ላይ ግን ከባድ ሞላ አታስገቡ፤ ታነጥራለች፣ ከኋላ የተቀመጠ ሰውም ይንገላታል። የእኔም ባዶ ስትሆን ትጠነክራለች። የምሠራው ጭኜ ስለሆነ ተቀብዬዋለሁ።

እዚህ ላይ አንድ ሱቅ ያቀረበልኝን ምክር ሳልጠቅስ አላልፍም። ሻጩ አሮጌውን ሞላ ሳይለውጥ ከላዩ የጎማ ቀለበት አስገብቶ ከፍ ሊያደርግልኝ ፈልጎ ነበር። ርካሽ ነው፣ በግማሽ ቀንም ያልቃል። ነገር ግን የደከመ ሞላ ከላዩ ቀለበት ስለተጫነበት አይጠነክርም። ባዶ ሳለች ከፍ ትላለች፣ ስትጫን እንደ ድሮው ትቀመጣለች። መንገድ ለማያውቅ ወጣት ሹፌር ይህን እንደ መፍትሔ መሸጥ ያናድደኛል።

ገጠማው ሞላ አውጥቶ ሞላ ማስገባት ብቻ አይደለም። የፊት አክስሉ ከቦዲው ሲርቅ ዘንጎቹ ላይ ይሽከረከርና መሪው የሚረጋጋበት የካስተር አንግል ይቀንሳል፤ በ50 ሚሊ ሜትር ወደ 2 ዲግሪ ገደማ ማለት ነው። ያልተስተካከለ እንደሆነ መሪው ከመታጠፊያ በኋላ በራሱ አይመለስም፣ አስፋልት ላይም መኪናዋ ትዋልላለች። መፍትሔው ቀዳዳው ከመሃል ወጣ ብሎ የተሠራ የካስተር ጎሚኒ ነው። አብራችሁ ግዙት፤ “ቆይቶ ይታያል” የሚል ጋራዥ ካጋጠማችሁ ወደ ሌላ ሂዱ። አክስሉን ከጎን የሚይዘው ፓናርድ የሚባለው ዘንግም ርዝመቱ ስለማይለወጥ፣ ቦዲው ከፍ ሲል አክስሉን ትንሽ ወደ አንድ ጎን ይስበዋል። በ50 ሚሊ ሜትር ልዩነቱ ጥቂት ስለሆነ እኔ ትቼዋለሁ።

ከሁሉ ይልቅ የሚረሳው ግን ፍሬኑ ነው። ከመኪናዋ ሥር ገብታችሁ የኋላውን አክስል ብታዩ፣ ከአክስሉ ተነስታ ቦዲው ላይ ካለ ቫልቭ ጋር የተያያዘች ቀጭን ዘንግ አለች። ሥራዋ ጭነት መለካት ነው። ቦዲው ወደ አክስሉ ሲጠጋ “ጭነት አለ” ብላ ለኋላ ፍሬን ብዙ ኃይል ታሳልፋለች፤ ሲርቅ “ባዶ ነች” ብላ ትቀንሳለች። እንግዲህ በአዲስ ሞላ ቦዲውን ከፍ ስታደርጉት ጭነት ይዛችሁም ዘንጓ ባዶ ናችሁ ትላለች፤ የኋላ ፍሬናችሁም ይደክማል። መካኒኩ ተኝቶ ገብቶ የዘንጓን መያዣ ያንኑ ያህል ከፍ አድርጎ አሰረልኝ። ከዚያ ቦዲውን በክሪክ አንስቶ ጎማዎቹ ተንጠልጥለው ሳለ የፍሬን ቱቦዎቹን አንድ በአንድ በጣቱ እየጫነ፣ የተወጠረ አለመኖሩን አየ። ይህን የማያደርግ ጋራዥ መኪና እንዲያነሳላችሁ አትፍቀዱ፤ የያዛችሁት የሰው ሕይወት ነው።

ናይትሮቻርጀር የሚባለውን የኦልድ ማን ኢሙ ሾክ አብዞርበር ያወቅኩት ወደ ቱርሚ በሚወስደው ኮሮኮንች ላይ ነው። ኮሮኮንች ሾክን የሚገድለው በሙቀት ነው፤ ዘይቱ ይግላል፣ ይቀጥናል፣ መኪናዋም መዋኘት ትጀምራለች። ከዚህ በፊት የነበረኝ ስም የለሽ ርካሽ ሾክ ዘይት እያንጠባጠበ ነበር የሚመለሰው። በዚህኛው ግን ከሰዓት በኋላም መኪናዋ እንደ ጠዋቱ መንገድ ይዛ ትሄዳለች፤ ኋላ የተቀመጠ እንግዳ አንገቱን አይዝም።

ወደ ጎማው ልግባ። የእኔዋ 105 ከፋብሪካ ይዛው የመጣችው 275/70 አር 16 ነው፤ ቁመቱ 791 ሚሊ ሜትር ገደማ። ሁሉም የሚመኘው 285/75 ወደ 834 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። እኔ የመረጥኩት 265/75 ደግሞ 804 ነው። በ285ቱ ዲፈረንሻሉ ከፋብሪካው ጎማ በ21 ሚሊ ሜትር ከፍ ይል ነበርና ለምን ተውከው ትሉኝ ይሆናል። የተውኩት ስለ ሞተሩ ነው። ተርቦ የሌለው ሞተር የሚተነፍሰው ያገኘውን አየር ብቻ ነው። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ከባሕር ጠለል አንድ አራተኛ ገደማ ይሳሳል፤ ሳነቴ ላይ ባለው፣ 4,377 ሜትር ከፍታ ባለው የቱሉ ዲምቱ ተራራ ላይ ወደ 40 በመቶ ይቀንሳል። ትልቅ ጎማ ደግሞ ማርሹን ሁሉ ያከብደዋል፤ ከ275ቱ ሲነጻጸር 285ቱ ከ5 በመቶ በላይ ያረዝመዋል። ከጎባ ወደ ሳነቴ የሚያወጣውን ዳገት ጭነት ይዞ የወጣ ሰው 5 በመቶ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። በ285 የሚነዳ ባልደረባዬ በሁለተኛ ማርሽ እየተጎተተ በሚወጣበት ቦታ፣ እኔ በሦስተኛ ጥቁር ጭስ ሳላወጣ እከተለዋለሁ። ኪሎ ሜትር ቆጣሪውም በ285 ሲሆን 100 ሲል እውነተኛው ፍጥነት 105 ነው። ተርቦ ያላት መኪና ያለው ሰው በዚህ ነጥብ ከእኔ ሊለይ ይችላል።

ኬኦ2ን የምወድለት ጎኑን ነው። የኤርታሌ ጥቁር የላቫ ድንጋይ እንደ ተሰበረ ጠርሙስ ነው፤ የሚቆርጠውም የጎማውን ፊት ሳይሆን ጎኑን ነው። የቤት መኪና ጎማ ይዞ እዚያ የሚገባ ሰው ስኮርታውን ጨርሶ ነው የሚወጣው። ኬኦ2 በዚህ ልክ ሲገዛ የጭነት ደረጃው ኢ የሚለውን፣ በተለምዶ 10 ፕላይ የምንለውን ፈልጉ። የእኔዎቹ ጎናቸው ላይ ጭረት ሞልቷል፤ እስከ ክሩ የደረሰ ግን የለም። በአስፋልት ድምፁ ይሰማል እንጂ ወሬ አያቋርጥም።

ለ7.50 አር 16 ያለኝን አክብሮት ግን አልደብቅም። ባለ ከመነዳሪ ነው፣ ቀጭን ነው፣ ከአይሱዙ ኤንፒአር ጋር አንድ ልክ ስለሆነ ጎሚስታ ባለበት ከተማ ሁሉ ይገኛል። ቸርኬያችሁ ጠባቡ ዓይነት ከሆነና ከአስፋልት ውጪ ብዙ የምትቆዩ ከሆነ፣ ዘመናዊ ጎማ ለማግባት ብላችሁ ቸርኬ አትለውጡ። የእኔ ቸርኬ ሰፊው ስለሆነ ነው ወደ 265 የሄድኩት።

መርካቶ ጎማ ተራ ስትሄዱ ከዋጋ በፊት ቀን ጠይቁ። አንድ ወጣት ሻጭ “ጋሼ፣ አዲስ ነው፤ ፀጉሩ እንኳን አልወደቀም” አለኝ። እውነት ነው፣ አዲስ ጎማ ላይ የሚታየው ቀጭን የጎማ ፀጉር ነበር። ጎማው ጎን ላይ ዶት (DOT) ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉት አራት ቁጥሮች ግን 1917 ይላሉ፤ እንደ ፈረንጆቹ 2017 ዓመት፣ 19ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። መጋዘን የከረመ ጎማ ፀጉር ቢኖረውም ደርቋል፤ በአፋር ሙቀትና ጭነት ሲፈነዳ አያስጠነቅቅም። ሙሉው ቁጥር ብዙ ጊዜ በአንድ ጎን ብቻ ስለሚጻፍ አስገልብጡት። አስቀየምኩት እንዳትሉ፤ ጨዋ ሻጭ ራሱ ይገለብጥላችኋል።

አየሩን በተመለከተ፣ አዲስ አበባ ሞልታችሁ ሰመራ ስትወርዱ ከፍታው ብቻውን በመለኪያው ላይ ወደ 3 ፒኤስአይ (የጎማ አየር ግፊት መለኪያ) ያስቀንሳል፤ ሙቀቱ ደግሞ መልሶ ይጨምረዋል። ስለዚህ ሰመራ አድራችሁ ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ እንደገና ለኩ። እኔ ጭኜ አስፋልት ላይ ከኋላ 40፣ ከፊት 35 ፒኤስአይ እይዛለሁ። ኮሮኮንች ላይ 30 አደርገዋለሁ፤ አሸዋ ሲመጣ ወደ 18 አወርድና በቀስታ እሄዳለሁ። ላቫ ላይ ግን 18 ይዛችሁ አትግቡ፤ ጎኑ ወጥቶ ለድንጋይ ይጋለጣል። አሸዋው ሲያልቅ ቆማችሁ ሙሉ። የአየር መሙያ የሌለው ሰው አየር ባያወርድ ይሻለዋል።

ይህ ጎማ የማይችለው አንድ ቦታ አለ፤ ዝናብ የጠጣ ዋልካ። ጥርሱ መሃል ጭቃው ይሞላና ተንሸራታች ይሆናል። ለዚያ ብሎ ዓመቱን ሙሉ የጭቃ ጎማ አድርጎ መንዳት ግን አልደግፍም፤ አስፋልት ላይ ቶሎ ያልቃል፣ እርጥብ መንገድ ላይም ፍሬን ሲይዙ አያስተማምንም። በዝናብ ወቅት ኦሞ ስወርድ ሰንሰለት እይዛለሁ፤ ከባድ ከሆነ ፀሐይ እስክትወጣ እጠብቃለሁ።

ገንዘቡ በአንዴ ካልተሟላ ጎማውን አስቀድሙ፣ ቀጥሎ የኋላ ሞላና ሾክ፣ ከዚያ የፊቱን ከነካስተር ጎሚኒው። ጎማ ስትገዙም አራት ሳይሆን አምስት ግዙ። ስኮርታውን በየጊዜው ከሌሎቹ ጋር አዘዋውሩት፤ አምስቱም እኩል ያልቃሉ፣ ላቫ ላይ አንዱ ቢቆረጥም የምታስገቡት ጎማ ቁመቱ ከሌሎቹ ጋር እኩል ይሆናል።